ጥቆማና የጠቋሚዎች ጥበቃ በኢትዮጵያ

ጥቆማ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚፈጸምን ሙስና፣ የሥልጣን ብልግና ወይም የሕዝብን ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥል ቸልተኝነት የሚያውቅ ሰው ለሚመለከተው አካል የሚያቀርበው መረጃ ነው። በኢትዮጵያ ጠቋሚን ከበቀል ለመጠበቅ ራሱን የቻለ አዋጅ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ቢሆንም የጉዳዩ ታሪክ ከዚያ በብዙ ይቀድማል። ይህንንም እንደ ወሎ የሚመሰክር ምድር የለም። እዚያ የታፈነ ሪፖርት ዋጋ የተከፈለው በሰው ነፍስ ነው።

አውጫጭኝ

በሰሜኑ ደጋ ወንጀል ተፈጽሞ አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር ሕዝቡ ለአውጫጭኝ ይጠራ ነበር፤ ይህ ሥርዓት በሌላ ስሙ አፈርሳታ ይባላል። ያልተገኘ ይቀጣል፤ የመጣውም ነገሩ እስኪወጣ ድረስ በቀላሉ ወደ ቤቱ አይመለስም። በአደባባይ «እገሌ ነው» ማለት ደም ስለሚያቃባ የሚያውቅ ሰው ለተመረጡ ሽማግሌዎች ለብቻቸው ይናገራል፤ «ወፍ ነገረኝ» ብሎም ራሱን ይሰውራል። ሥርዓቱ አስገዳጅ ነበር፣ ንጹሑንም ያንገላታ ነበር። የጠቋሚው ማንነት ካልተሸሸገ እውነት እንደማይወጣ ግን የአገሩ ሰው አሳምሮ ያውቅ ነበር።

የወሎ ረሃብና የታፈነው ሪፖርት

በ1958 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ረሃብ ሲገባ ቀድመው ሪፖርት ያደረጉት የወረኢሉ ፖሊሶች ነበሩ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ስለ ረሃብ ባደረጉት ጥናት እንዳሳዩት፣ ወረቀቱ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ከርሞ ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ለመድረስ ከ300 ቀን በላይ ፈጅቷል። በምላሹ የወረደው ትእዛዝ የሟቾች ስም ዝርዝር ይላክ የሚል ነበር።

ሰባት ዓመት ቆይቶ የመጣው ጥፋት ከዚህ የከፋ ሆነ። በ1965 ዓ.ም. መጀመሪያ የግብርና ሚኒስቴር የሰብል ቅኝት እህል እንደሚጎድል አስጠንቅቆ ነበር፤ ሰነዱ ግን ለሕዝብ አልወጣም። በዚያው ዓመት ከወሎ ወደ አዲስ አበባ ያቀኑ ገበሬዎች ከከተማዋ ዳር በፖሊስ ታግደው ተመለሱ። በሚያዝያ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው መጡ፤ ሥዕሎቹ በዩኒቨርሲቲው ለእይታ ሲቀርቡ ተማሪው ተቆጣ፣ ፖሊስም ገባ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችም ከነቀፋ አይድኑም። ሠራተኞቻቸው ረሃቡን ቢያውቁም የመንግሥት ባለሥልጣናት ስማችን ይጎድፋል ብለው ስለተቃወሙ ድርጅቶቹ ለወራት አፋቸውን ዘግተው ቆዩ። ዓለም ነገሩን የሰማው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። የሟቾቹ ቁጥር ግምት ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይደርሳል።

የመንግሥትን ሹማምንት ጥፋት እንዲያጣራ መርማሪ ኮሚሽን የተቋቋመው በሰኔ 1966 ዓ.ም. ነበር። ፕሮፌሰር መስፍንም ከኮሚሽኑ ሰዎች አንዱ ነበሩ። ኮሚሽኑ ከያዛቸው ጉዳዮች ዋነኛው የወሎው ረሃብ ነበር፤ ማን ምን ያውቅ እንደነበር፣ መቼ እንዳወቀና ለምን ዝም እንዳለ ሹማምንቱን ይጠይቅ ነበር። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ እስር ቤት ሆነው ለኮሚሽኑ የጻፉት ቃል ከብዙ ዓመታት በኋላ በመጽሐፍ ታትሟል። ምርመራው ሳያልቅ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ አክሊሉን ጨምሮ 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። በዚህም ለሙታኑ ለወሎ ገበሬዎች ፍትሕ አልተገኘም። ሪፖርቱን ማን እንዳፈነ በችሎት ሳይረጋገጥ፣ ተከሳሹም ሳይከላከል ነገሩ ከተጠያቂዎቹ ጋር አብሮ ተቀበረ።

ሕጉና ተቋማቱ

የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 235 ተቋቋመ። ገና ከጅምሩ ምርመራ ለፖለቲካ ጠብ መሣሪያ ይሆናል የሚል ጥርጣሬ ያሳደረው በሙስና ተጠርጥረው የታሰሩት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር የስዬ አብርሃ ጉዳይ ነው። ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ ቢለቋቸውም ወዲያው ተመልሰው ተያዙ፤ ቀጥሎም በሙስና የተጠረጠረን ሰው ዋስትና የሚከለክል ማሻሻያ ታወጀ። በ2008 ዓ.ም. የመመርመርና የመክሰስ ሥልጣኑ ከኮሚሽኑ ተወስዶ ለፌዴራል ፖሊስና ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ተሰጠ። ኮሚሽኑ ራሱ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1236 እንደገና ተቋቁሟል።

የጠቋሚዎችና የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 መኖሪያ ከመቀየር አንሥቶ ማንነትን እስከ መለወጥ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ከመመስከር አንሥቶ ነጻ ሕክምና እስከ ማግኘት የሚደርስ ጥበቃ ይዘረዝራል። ጥቆማ የሰጠ ሰው ስለዚያው ወንጀል ከክስ ነጻ የሚሆንበትንም መንገድ ይከፍታል። በወረቀት ላይ ለጋስ ሕግ ነው። በሩ ግን ጠባብ ነው፤ የሚሠራው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት ሊያስቀጣ በሚችል ወንጀል ላይ ሲሆን፣ ያንዣበበው አደጋም በሕይወት፣ በአካል፣ በነጻነት ወይም በንብረት ላይ የመጣ ከባድ አደጋ መሆን አለበት። ቢሮ ውስጥ ያለው በቀል ብዙውን ጊዜ በዚህ መልክ አይመጣም። ዝውውር አለ፣ ዝቅተኛ የሥራ አፈጻጸም ውጤት አለ፣ የታጠፈ የትምህርት ዕድል አለ፣ ከየት መጣ የማይባል የዲሲፕሊን ክስም አለ።

በየመሥሪያ ቤቱ ያሉት የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍሎች በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 144/2000 ሲደራጁ ተጠሪነታቸው ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ተደረገ። ጥቆማው በራሱ በኃላፊው ላይ ሲሆን ይህ አደረጃጀት ዋጋ ያጣል። በዚያው ዓመት የወጣው የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ሠራተኞች ደንብ ቁጥር 155 ደግሞ ዋና ዳይሬክተሩ በሙስና የጠረጠረውን ሠራተኛ እንዲያሰናብት ፈቀደ፤ የትኛውም የፍትሕ አካል ወደ ሥራ ሊመልሰው አይችልም ነበር። ሌባን ለማባረር የተሰጠው ሥልጣን ሌባን ያጋለጠውንም ለማባረር ይመቻል።

ከጋሸና ሲታይ

ጋሸና ከወልዲያ ወደ ደብረ ታቦር የሚያልፈው መንገድ ከላሊበላው ጋር የሚገናኝባት የወሎ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ደጋ የእርዳታ እህልንና በ1997 ዓ.ም. የተጀመረውን ሴፍቲኔት የተባለ የችግረኞች መደገፊያ ፕሮግራም የሚያውቅ አገር ነው። በፕሮግራሙ መመሪያ መሠረት ያለ አግባብ ከስም ዝርዝር የቀረ ገበሬ ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያመለክታል። ኮሚቴውና ቅሬታ የሚቀርብበት ሹም ግን በአንድ ቀበሌ የሚኖሩ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙ ሰዎች ናቸው።

በእንዲህ ያለ አገር አንድ የእህል መጋዘን ሠራተኛ በሞዴል 19 ቅጽ የገባውና በሞዴል 22 ቅጽ የወጣው አልመጣጠን ቢለው ነገሩን ለማን ይናገራል? ለወረዳው ኃላፊ ቢናገር ፈራሚው ራሱ ኃላፊው ሊሆን ይችላል። የክልሉ የፀረ ሙስና ኮሚሽን ባሕር ዳር ነው፤ የጥበቃው አዋጅ አስፈጻሚ የፍትሕ ሚኒስቴር አዲስ አበባ ነው። በትንሽ ከተማ ደግሞ ሰነዱን ያየው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ስሙ ቢሸሸግም ማንነቱ ይታወቃል።

ይህ ተራ ሥጋት አይደለም። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካው ዩኤስኤአይዲና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እርዳታ በሰፊውና በተቀናጀ መንገድ ለሌላ ዓላማ እየዋለ ነው በሚል በመላ ኢትዮጵያ የምግብ እርዳታ አቆሙ። እህሉን የሰረቀው ሌላ፣ ለወራት የተራበው ሌላ ሆነ። መጋዘኑ አጠገብ ያለ ሰው በወቅቱ ያለ ፍርሃት መናገር ቢችል ኖሮ ቅጣቱ በችግረኛው ላይ ባልወደቀ ነበር።

ኢትዮጵያ በ2000 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ሙስና ስምምነት በአንቀጽ 33 አባል አገሮች በቅን ልቦና የሚጠቁሙ ሰዎችን ያለ አግባብ ከሚደርስ ጥቃት የሚጠብቁበትን እርምጃ እንዲያጤኑ ይጠይቃል። ደቡብ አፍሪካ በ2000፣ ጋና በ2006 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሥራ ቦታ የሚደርስን በቀል ለይተው የሚከለክሉ ሕጎች አውጥተዋል። ሕግ ብቻውን ግን ጋሻ አይሆንም። በደቡብ አፍሪካ በሆስፒታል ግዢ ላይ የነበረውን ዝርፊያ ያጋለጠችው የጤና ቢሮ የሒሳብ ኃላፊ ባቢታ ዲዮካራን በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጆሃንስበርግ ውስጥ ደጃፏ ላይ በጥይት ተገድላለች።

ኢትዮጵያ ውስጥ መሻሻል ያለበት ግልጽ ነው። የአዋጅ 699 የ10 ዓመት ገደብ ሊነሣ፣ ዝውውርና ስንብትም በበቀልነት በስማቸው ሊጠቀሱ፣ የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍሎችም ተጠሪነታቸው ከሚከታተሉት ኃላፊ እጅ ሊወጣ ይገባል።