«ቲቸር፣ የቱን መጋዝ እንግዛ?»

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ በኢንቦክስ ጻፈልኝ። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር እቁብ ጥለው፣ ከዘመድም ተበድረው ትንሽ ገንዘብ ይዘዋል። በዚያ ገንዘብ ተንቀሳቃሽ የእንጨት መሰንጠቂያ ሊገዙ ነው፤ ባንድ ሶው የሚባለውን፣ ስስ መጋዙ እንደ ቀበቶ በሁለት መዘውር ላይ የሚዞረውን። ሊሰነጥቁ ያሰቡት ፕሮሶፒስ ነው። የሦስት ማሽን ፎቶ ልኮ «ቲቸር፣ ርካሽ ሆኖ የሚሻለው የቱ ነው?» አለኝ።

እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ከጠመኔ በቀር የሰበርኩት ነገር የለም። ግን ጥያቄው ታሪክ ያለው ሆኖ አገኘሁት፤ መልሱም እዚያው ታሪኩ ውስጥ አለ። ለሌሎቻችሁም ይጠቅማል ብዬ እዚሁ ልጻፈው።

መጀመሪያ ዛፉ። ድሬ ላደገ ሰው ፕሮሶፒስ አይተዋወቅም፤ እሾሁ ኳስ ያላፈነዳበት ልጅ የለም። ትውልዱ መካከለኛው አሜሪካና አካባቢው ነው። ወደ አገራችን የገባው በደርግ ዘመን ሲሆን፣ ጥናቶች መነሻው እዚሁ ድሬዳዋ፣ ጎሮ ችግኝ ጣቢያ እንደሆነ ይጠቅሳሉ። ዓላማው መልካም ነበር፤ በረሃውን ማልበስ፣ አፈሩን መያዝ፣ ማገዶ ማግኘት። ከዚያ ከብቱ ፍሬውን በላ፣ ዘሩን በፋንድያው እየበተነ ሄደ፣ ዛፉም አዋሽን ተከትሎ ሸመጠጠ። ዛሬ አፋር ላይ ብቻ የያዘው መሬት ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደሆነ ይገመታል። አፋሮች «ደርጊ ሐራ» ይሉታል፣ የደርግ ዛፍ ማለት ነው። ሌላው ደግሞ «ወያኔ» ይለዋል። ሕዝብ መንግሥትንም ዛፍንም በአንድ ስም ሲጠራ፣ እኛ የታሪክ ሰዎች ጆሯችንን ማቆም አለብን።

ይህ የጠላነው ዛፍ እንጨቱ ግን ወርቅ ነው። ጠንካራ፣ ከባድ፣ ቀለሙ ወደ ቀይ ቡናማ የሚያደላ። ሲደርቅም ብዙ አይኮማተርም፤ ስለዚህ የተሠራው ዕቃ ቶሎ አይጣመምም። አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ የእሱን ዘመድ «መስኪት» ብለው ለወለልና ለጠረጴዛ በውድ ይሸጡታል። እኛ ከሰል አድርገን እንጨርሰዋለን፤ ለቤታችን ደግሞ በጅቡቲ በኩል በኮንቴይነር የመጣ ኤምዲኤፍ እንገዛለን። ስለዚህ የልጆቹ ሐሳብ ትክክል ነው። የሚቀረው መጋዙ ነው።

አባቶቻችን ሳንቃ የሚያወጡት በመጋዝ አልነበረም። ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል፤ «መጥረቢያ» የመጣው «መጥረብ» ከሚለው ነው። ትልቁን ግንድ ይፈልጡና እየጠረቡ አንድ ወይም ሁለት ሳንቃ ያወጣሉ፤ የቀረው ፍላጭ ነው። ኋላ ባለ ሁለት እጅ ረጅም መጋዝ መጣ፤ ግንዱ ማማ ላይ ይጋደማል፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው ቀኑን ሙሉ ይስባሉ። ከዚያ ባለ ሞተሩ መሰንጠቂያ ተከተለ። የእንጨት ቤቱ ቋንቋ ላይ ጣልያንኛው ተለጥፎ የቀረውም በዚህ መንገድ ነው፤ ሰጋቱራ፣ ሞራሌ፣ ኮምፔንሳቶ የምንለው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው።

ባንድ ሶው ራሱ ደግሞ የሚገርም ታሪክ አለው። ሐሳቡን ዊልያም ኒውቤሪ የሚባል እንግሊዛዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በስሙ አስመዝግቦት ነበር። ግን አርባ ዓመት ያህል ሳይሠራ ቀረ። ለምን? ሞተር አጥቶ አይደለም። መጋዙ በመዘውሩ ላይ ሲተጣጠፍ የተበየደበት ቦታ እየተበጠሰ ነው። ችግሩን የፈታችው አን ፖሊን ክሬፐን የምትባል ፈረንሳዊት ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1846 የመበየጃ ዘዴዋን አስመዘገበችና ፓሪስ ለሚገኘው ለፔረን ኩባንያ ሸጠችው። ማሽኑ ሥራ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ፎቶውን የምታዩት፣ በመኪና ተጎትቶ ግንዱ ያለበት ድረስ የሚሄደው ዓይነት ደግሞ የቅርብ ጊዜ ነው፤ በዚህ ሥራ ስሙ የሚነሳው የአሜሪካው ውድ-ማይዘር እንኳን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው።

እንግዲህ ልጄ፣ መልሱ እዚህ ላይ ነው። ይህን ማሽን አርባ ዓመት ያቆመው ሞተሩ ሳይሆን መጋዙ ነው፤ የአንተንም ማሽን የሚያቆመው እሱ ነው። አንድ የማውቀው ማኅበር ሞተሩ ትልቅ ነው ብሎ ማሽን ገዛ። ይዞት የመጣው መጋዝ አለቀ፣ የሚሞርድ ጠፋ፣ ማሽኑ አሁን ዶሮ ማደሪያ ሆኗል።

ስለዚህ የፈረስ ጉልበቱን ከማየትህ በፊት መዘውሩን እይ። መዘውሩ ትንሽ ከሆነ መጋዙ አብዝቶ ይታጠፋል፣ ቶሎ ይሰነጠቃል። 48 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ካለው ጥሩ ነው። ከዚያ ግንዱ የሚጋደምባቸውን አግዳሚ ብረቶች ለካ። ፕሮሶፒስ ጠማማና አጭር ነው፣ ቀጥ ያለ ሁለት ሜትር ማግኘት ዕድል ነው። ብረቶቹ ተራርቀው ከተተከሉ የአንድ ሜትር ግንድ የሚያርፍበት የለውም፤ መቆንጠጫውም ዝቅ ብሎ አጭሩን ግንድ አጥብቆ መያዝ አለበት። «90 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይሰነጥቃል» የሚለው ማስታወቂያ ላንተ ምንህም አይደለም፤ እንዲህ የወፈረ ፕሮሶፒስ ከየት ታመጣለህ?

መጋዙን በተመለከተ፣ ለደረቅና ጠንካራ እንጨት ጥርሱ ወደ ፊት ብዙ ያላዘነበለ ነው የሚሻለው፤ 4 ወይም 7 ዲግሪ የሚባለውን ጠይቅ። የተለመደው 10 ዲግሪ ለለስላሳው ይሆናል። ቆላ ያደገ ዛፍ ቅርፊቱ አቧራና አሸዋ የተሞላ ነው፤ በመጥረቢያ ሳትልጥ አታስገባው፣ አለዚያ ጥርሱ በደቂቃ ይደንዛል። ውሃ በትንሽ ሳሙና እያንጠባጠብክ ሥራ። ገንዘባችሁንም ሁሉ ማሽኑ ላይ አትጨርሱ፤ እንደ እኔ ቢያንስ ሩቡ ለትርፍ መጋዞችና ለመሞረጃው ይቀመጥ። ከአራታችሁ አንዱ መሞረድንና ጥርሱን ግራና ቀኝ ማዘንበልን ሙያዬ ብሎ ይያዝ።

«በሰንሰለት መጋዝ ብንሰነጥቅስ? ይረክሳል» ብለሃል። እሱ በአንድ ቅድ ወደ 8 ሚሊ ሜትር እንጨት ሰጋቱራ ያደርጋል፣ ባንድ ሶው ደግሞ 2 ያህል። አስር ጊዜ ብትሰነጥቅ ልዩነቱ 6 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ባለ 2.5 ሳንቲ ሜትር ሁለት ሳንቃ መሬት ላይ ደፋህ ማለት ነው።

የመጨረሻው ነገር፣ ለእኔ ዋናው። መጋዝ ዛፍ አይመርጥም። ዛሬ ፕሮሶፒስ ያስገባህበት ማሽን ነገ አንድ ሰው ሌሊት ያመጣውን ጥድ ወይም ወይራ እኩል ይሰነጥቃል፤ ክፍያውም የተሻለ ይሆናል። ጥድ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ዋንዛን ከመንግሥት ደን መቁረጥ በ1986ቱ የደን አዋጅ ተከልክሎ እንደነበር ክፍል ውስጥ አንስተናል። ያ ሁሉ አዋጅ ወጥቶም ከበላያችን ያለው ተራራ ራቁቱን ቀረ። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ ሌሊት ሲመጣ ዝናቡ የዘነበው እዚያ ደጋው ላይ ነበር፤ ከ250 በላይ ሰው ወሰደብን። የተራራው መራቆት ጎርፉን እንዳባሰው ያኔ ብዙ ተነግሯል። ድሬ ላይ መጋዝ የሚያቆም ሰው ይህን መርሳት አይችልም። «እኛ ጋ ፕሮሶፒስ ብቻ» ብላችሁ በር ላይ ጻፉ፣ ለጻፋችሁትም ታመኑ።

ደግሞ መቁረጥ ማጥፋት እንዳይመስላችሁ። ፕሮሶፒስ ከላይ ሲቆረጥ አስር ሆኖ ይበቅላል። ጨርሶ ልታጠፉት ካሰባችሁ ከመሬት በታች ከሥሩ ቆርጣችሁ ጉቶውን አውጡ፤ ለነገ ግንድ ካሰባችሁ ከአንድ ጉቶ አንዱን ቀጥ ያለ ቅርንጫፍ ብቻ ትታችሁ ሌላውን መልምሉ። አዲስ ግን አትትከሉ፣ አደራ።

ከላክልኝ ሦስቱ ሁለተኛው ይመስለኛል፤ ሞተሩ ትንሹ ነው፣ ግን መዘውሩ ሰፊ፣ አግዳሚዎቹም ቅርብ ለቅርብ ናቸው። ከመክፈላችሁ በፊት የራሳችሁን ግንድ ይዛችሁ ሂዱና ፊታችሁ ላይ ይሰንጥቁላችሁ። እምቢ ካሉ፣ አቦ፣ ተዉት።

በእንጨት ሥራ ላይ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ የተሳሳትኩት ካለ ኮሜንት ላይ አርሙኝ። ልጆቹ ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት ያንብቡት። የመጀመሪያውን ወንበር ግን ቲቸር ነው የሚገዛው!