«ሐበሻ»፦ በስደት የሰፋ ስም

በዋሽንግተን፣ በፍራንክፈርት ወይም በዱባይ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ባቡር ውስጥ ወይም ሱቅ በር ላይ ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ፣ ብዙ ጊዜ ከሰላምታው የሚቀድመው «ሐበሻ ነሽ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ቃሉ ጥንታዊ ነው፤ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የንጉሥ ኢዛና የድንጋይ ጽሑፍ ላይ በግሪክኛው «ኢትዮጵያውያን» የተባሉት በግእዙ «ሐበሠት» ናቸው። በአገር ቤት ግን ትርጉሙ ጠብቦ በተለይ የሰሜኑንና የመካከለኛውን ደጋ ሕዝብ የሚያመለክት ሆኖ ቆይቷል። በስደት እንደገና ሰፋ። ጠያቂው የሚፈልገው የዘር ሐረግ ሳይሆን ቅርበት ነው፦ ቋንቋዬን ይሰማ ይሆን? እንጀራ የት ይሸጣል? የመኖሪያ ፈቃድ እንዴት ይገኛል? ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ መንግሥት ከሆነች በኋላም የአዲስ አበባና የአስመራ ልጆች በባዕድ አገር በዚሁ ቃል መጠራራታቸው ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። «ኢትዮጵያዊ ነህ?» የሚለው ጥያቄ አስመሬውን ቅር ሊያሰኘው ይችላል፤ «ሐበሻ» ግን ፓስፖርት አይጠይቅም።

ቃሉ ሰው ያስቀራል የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። ከኦሮሞ፣ ከሶማሌና ከደቡብ ሕዝቦች ብዙዎች «እኔ ሐበሻ አይደለሁም» ይላሉ። ተቃውሞው ከታሪክ የመነጨ በመሆኑ «ሁላችንም አንድ ነን» ብሎ ማለፍ ተገቢ አይደለም፤ ስም በባለቤቱ ፈቃድ የሚጸና ነገር ነውና። ይሁንና ቃሉን ጨርሶ መተው፣ ማንንም ለማያውቅ አዲስ መጤ የመጀመሪያዋን መተዋወቂያ መንፈግ ይሆናል። ስለዚህ ጠይቁ፤ «አይደለሁም» የሚል መልስ ሲመጣም ሳትከራከሩ ሰላምታውን ቀጥሉ።