የመሳፈር ፈቃድና የመውረድ ፈቃድ፤ ስለ መርከብ ተሳፋሪዎች የይለፍ ታሪክ

በዛሬ ጊዜ በሽርሽር መርከብ ከወደብ ወደ ወደብ የሚዞረውን አገር ጎብኚ፥ ከመነሣቱ አስቀድሞ በኮምፒዩተር ወይም በስልኩ ጥያቄ ሞልቶ ክፍያውንም ከፍሎ የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ እንዲያወጣ የሚያስገድዱት መንግሥታት ብዙዎች ናቸው። አንዳንዶች ይህን ሥርዓት ኮምፒዩተር የወለደው አዲስ ነገር አድርገው ይቈጥሩታል። እኛ ግን የባሕር ጉዞ ሕጎችን ታሪክ ስንመረምር አዲስ ሆኖ ያገኘነው መሣሪያው እንጂ አሳቡ አይደለም። ልናስረዳ የምንፈልገውም ለመሳፈር የሚሰጠው ፈቃድና በወደብ ለመውረድ የሚሰጠው ፈቃድ ከቀድሞ ጀምሮ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

የአሜሪካ መንግሥት በ1819 ባወጣው ሕግ፥ ከውጭ አገር የሚመጣ መርከብ ለየአምስቱ ቶን ከሁለት ሰው በላይ እንዳይጭንና፥ ካፒቴኑ የተሳፋሪዎቹን ዕድሜ፥ ፆታ፥ ሥራና አገር የሚገልጽ ዝርዝር ለጉምሩክ ሹም እንዲያስረክብ አዘዘ። በዚያን ጊዜ የዝርዝሩ ጥቅም ለቈጠራ ያህል ነበር፤ በእርሱ ምክንያት የሚመለስ ሰው አልነበረም። ነገሩ የተለወጠው በ1891 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ፥ በወደብ ላይ ተቀባይነት ያጣውን ሰው ያመጣው የመርከብ ኩባንያ ራሱ በገዛ ወጪው ይመልሰው ሲል ደነገገ። ከዚህ በኋላ ኩባንያዎቹ ገንዘባቸውን ላለመክሰር ሲሉ ተሳፋሪውን ገና በሃምቡርግ ወይም በሊቨርፑል ወደብ ሳለ ይመረምሩት ጀመር። ዝርዝሩም እየሰፋ ሄዶ ሠላሳ ያህል ጥያቄ ያዘ፤ ገንዘብ አለህን? ታስረህ ታውቃለህን? ሕመም አለብህን? ዛሬ በስልክ ላይ የሚሞላውን ቅጽ ያየ ሰው ጥያቄዎቹን ለይቶ ማወቅ አያስቸግረውም።

በ1892 በኒው ዮርክ ወደብ የተከፈተው የኤሊስ ደሴት ጣቢያ እስከ 1954 ድረስ ከ12 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎችን ተቀብሏል። ሆኖም በአንደኛና በሁለተኛ ማዕረግ የመጡት በመርከቡ ላይ እንዳሉ በጥቂት ጥያቄ ያልፉ ነበር፤ ወደ ደሴቱ የሚወሰዱት በሦስተኛው ማዕረግ የመጡት ነበሩ። በ1924 ሌላ ሕግ ወጥቶ የስደተኛው ቍጥር በየአገሩ ሲወሰንና ቪዛውንም በውጭ አገር ያለው ቆንስል እንዲሰጥ ሲደረግ፥ ዋናው ምርመራ ከኒው ዮርክ ወደብ ተነሥቶ ተሳፋሪው ወደሚነሣበት አገር ተሻገረ።

በእጅ የተያዘ ወረቀት ለመሳፈር በቅቶ ለመውረድ የማይበቃ መሆኑ ከሁሉ ይልቅ የታየው በ1939 ነው። ሴንት ሉዊስ የተባለው የጀርመን መርከብ፥ ከናዚ መንግሥት የሚሸሹ አይሁድ የሚበዙባቸውን 937 ተሳፋሪዎች ይዞ ሜይ 13 ቀን ከሃምቡርግ ወደ ሃቫና ተነሣ። አብዛኞቹ የኩባ የኢሚግሬሽን ዋና ዲሬክተር የነበረው ማኑኤል ቤኒቴስ ጎንሳሌስ የሸጠውን የመውረጃ ወረቀት ይዘው ነበር። ነገር ግን መርከቡ ከመነሣቱ ከስምንት ቀን በፊት የኩባው ፕሬዚዳንት ላሬዶ ብሩ ያን ወረቀት የሚሽር አዋጅ አውጥተዋል። በአዋጁ መሠረት የሚገባው ሰው ከሁለት ሚኒስትሮች የጽሑፍ ፈቃድ ማግኘትና 500 ዶላር መያዣ ማስያዝ ይገባው ነበር፤ ከአሜሪካ ለሽርሽር የሚመጣው ጎብኚ ግን ከመያዣው ነጻ ነበር። የአዋጁ ቍጥር 937 ነው፤ ከተሳፋሪዎቹ ቍጥር ጋር መግጠሙ እንዲያው አጋጣሚ ነው።

መርከቡ ሜይ 27 ቀን ሃቫና ሲደርስ እንዲወርዱ የተፈቀደላቸው 28 ሰዎች ብቻ ሆኑ። አንድ ሰው በመንገድ ላይ ሞቶ ነበር፤ ሌላው ደግሞ ራሱን ሊገድል ሞክሮ ወደ ሆስፒታል ተወሰደ። የቀሩት 907ቱ ከመርከቡ ጋር ጁን 2 ቀን ወጡ፤ የማያሚን መብራት እስኪያዩ ድረስ ወደ አሜሪካ ጠረፍ ቀርበው ነበር፤ አሜሪካም ተራችሁን ጠብቁ ከማለት በቀር አልተቀበለቻቸውም። ካፒቴን ጉስታቭ ሽረደር ወደ ጀርመን እንዳይመልሳቸው ብዙ ደከመ። በመጨረሻ 288ቱን ብሪታንያ፥ 224ቱን ፈረንሳይ፥ 214ቱን ቤልጅግ፥ 181ዱን ሆላንድ ተቀበሉ። ከእነዚህ ውስጥ 254ቱ ጀርመን ምዕራብ አውሮፓን ከያዘች በኋላ በተደረገው እልቂት አለቁ። የመርከቡ ኩባንያ ወረቀቱን አይቶ አሳፍሯቸዋል፤ ወረቀቱ ግን ለመሳፈር እንጂ ለመውረድ አልበቃም።

ወደ ዘመናችን ስንመለስ፥ አሜሪካ በ1986 ባወጣችው ሕግ ለአንዳንድ አገሮች ዜጎች ለ90 ቀን ያለ ቪዛ መግባትን ፈቀደች፤ በ1988 ይህን መብት አስቀድማ ያገኘችው ብሪታንያ ናት። በዚህም የቆንስሉ የቅድሚያ ምርመራ ቀረ። ከ2001ዱ አደጋ በኋላ ግን ምርመራው እንዲመለስ ተፈለገ፤ በ2007 የወጣው ሕግም ኢስታ የተባለውን የኤሌክትሮኒክ ፈቃድ አስከተለ። ይህ ፈቃድ ከጃንዋሪ 12 ቀን 2009 ጀምሮ በአይሮፕላንና በመርከብ ለሚመጣው ግዴታ ሆነ፤ በ2010 14 ዶላር የነበረው ክፍያ በ2025 ወደ 40 ዶላር ከፍ ተደረገ። አውስትራሊያ እንዲህ ያለውን ፈቃድ በ1996 ጀምራው ስለ ነበር አሜሪካ የመጀመሪያዋ አይደለችም። ኢስታ የያዘ ሰው መርከቡን ይሳፈራል፤ መውረዱን የሚወስነው ግን በወደቡ ያለው ሹም ነው።

ካናዳ ተመሳሳዩን ፈቃድ በ2016 ስትጀምር በአይሮፕላን ለሚመጣው ብቻ አደረገችው። ስለዚህ አንድ እንግሊዛዊ የአላስካን በረዶ ለማየት ከሲያትል በመርከብ ተነሥቶ በካናዳዋ ቪክቶሪያ ለጥቂት ሰዓት ቢወርድ የካናዳ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ያው ሰው መርከቡን ቫንኩቨር ላይ ለመሳፈር በአይሮፕላን ቢመጣ ግን ያስፈልገዋል። መርከቡስ ቪክቶሪያ ለምን ይቆማል? በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ የውጭ አገር ባንዲራ ያለው መርከብ፥ የውጭ ወደብ ሳይነካ፥ ከአሜሪካ ወደብ ወደ አሜሪካ ወደብ ሰው እንዳያጓጕዝ ስለሚከለክል ነው። በ2021 ካናዳ በኮሮና ምክንያት ወደቦቿን ስትዘጋ የአላስካ ሽርሽር እንዳይቀር የአሜሪካ ምክር ቤት ልዩ ሕግ ማውጣት ግድ ሆኖበታል።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን የኒው ዚላንድ ሕግ ነው። ይህች አገር በኦክቶበር 1 ቀን 2019 ባስጀመረችው ሥርዓት፥ በሽርሽር መርከብ መጥቶ በሽርሽር መርከብ የሚወጣ ተሳፋሪ የየትኛውም አገር ዜጋ ቢሆን ያለ ቪዛ በኤሌክትሮኒኩ ፈቃድ ብቻ ሊመጣ ይችላል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በአይሮፕላን ኦክላንድ ለመግባት ቪዛ ይጠየቃል፤ በመርከብ ሲሆን ግን ከእንግሊዛዊው ጋር አንድ ነው። እርግጥ መርከቡ ከሲድኒ የሚነሣ ከሆነ አስቀድሞ የአውስትራሊያ ቪዛ ማግኘት አለበትና ምቾቱ የሚታሰበውን ያህል ሰፊ አይደለም። መርከቡ ሊነሣ ሲልም በመሰላሉ ግርጌ ፈቃዱን የሚመረምረው የኒው ዚላንድ ሹም ሳይሆን የኩባንያው ሠራተኛ ነው፤ ፈቃድ ያላወጣው ተሳፋሪ ከኦክላንድ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከነሻንጣው በሲድኒ ወደብ ይቀራል።