ከጎሬ ምን ተወሰደ?

ስለ ተዘረፉ ቅርሶቻችን ሲወራ ቀድሞ አፋችን ላይ የሚመጣው መቅደላ ነው፤ ቀጥሎ አክሱም። ኢሉባቦርን የሚያነሣ ሰው አልገጠመኝም። እኔም ብሆን ጎሬ ሄጄ አንድ አዛውንት እስኪያጫውቱኝ ድረስ አስቤው አላውቅም ነበር።

ከመቱ እስከ ጎሬ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህች በኮረብታ ላይ የተቀመጠች ከተማ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሲወጡ የመንግሥት መቀመጫ ሆና ነበር። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ አስተዳደሩን ያዙ፤ ራስ እምሩም መጡ። ብዙ አልቆየም። ኅዳር 1929 ዓ.ም. ጣሊያን ጎሬ ገባ፤ በታኅሣሥ ራስ እምሩ ጎጀብ ወንዝ ዳር ተማረኩ።

አዛውንቱ የቀረውን ከአባታቸው ነው የሰሙት። "መሣሪያ አስረክቡ ተባለ፤ አባቴ ጠመንጃውን ሰጠ። መኮንኑ ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጋሻ አየ። ብር የለበሰ የማዕረግ ጋሻ ነው። በጋሻ ማን ይተኩሳል ልጄ? አውርዶ ወሰደው።"

"ደረሰኝ ተሰጥቷቸው ነበር አባባ?" አልኳቸው። ሳቁብኝ።

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከመቅደላ ያወረዱትን ዕቃ ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ሸጡት። የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆልምስም ለሙዚየሙ ገዛ። ዝርፊያው በጽሑፍ ስለሰፈረ፣ ታቦታቱ ዛሬ በዚያው ሙዚየም ማከማቻ እንዳሉ እናውቃለን፤ በስም ጠርተን እንጠይቃለን። ለጎሬው ጋሻ ግን መዝገብ የለውም።

ሕግስ አለ። የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ የተፈረመው የሰላም ውል በ37ኛው አንቀጽ፣ ጣሊያን ከመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወዲህ የወሰደችውን የኢትዮጵያን ወይም የዜጎቿን የጥበብ ሥራ፣ ንዋየ ቅድሳት፣ ሰነድና ታሪካዊ ዕቃ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ያስገድዳል። አንባቢ "የዜጎቿን" የሚለውን ልብ ይበሉልኝ! የአባባ አባትም ዜጋ ነበሩ። ይሁንና የአክሱም ሐውልት እንኳ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ "ፀሐይ" የተባለችው አውሮፕላን ደግሞ በ2016 ዓ.ም.። ሮም አደባባይ ላይ የቆመ ሐውልት ለመደበቅ አይመችም። ጋሻ ግን መሳቢያ ውስጥ ይገባል።

የሮም የቅኝ ግዛት ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1971 ተዘጋ፤ ዕቃው ለብዙ ዘመን በማከማቻ ከርሞ፣ ዛሬ በዚያው ከተማ የሥልጣኔዎች ሙዚየም በሚባለው እጅ ይገኛል። ጋሻው እዚያ ቢኖር፣ ከሌሎቹ የሚለየው ምልክት ምን ብለን እንጠይቃለን?

አባባን ይህንኑ ጠየቅኋቸው። በከዘራቸው መሬቱ ላይ ክብ ሳሉ፤ አባታቸውም እንዲሁ ይስሉላቸው ነበር አሉ። "መሐሉ ጉብ ያለ፣ ዙሪያው ብር፤ እዚህ ጋ፣ ከጠርዙ፣ አንዲት የጥይት ቀዳዳ።"

ደብተሬን አውጥቼ "1ኛ" ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ወደ ኢሉባቦሯ ቡሬ ተሳፈርኩ።