ወ/ሪት ብርቱካን ሚደቅሳ፤ ከችሎት እስከ ምርጫ ቦርድ

ሕግ የተማርን ሰዎች ስለ ዳኝነት ነፃነት ስንነጋገር የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 79 መጥቀስ ይቀናናል። ዳኞች ከሕግ በስተቀር በሌላ እንደማይመሩ ይደነግጋል። እኔ ግን ድንጋጌው ሲፈተን ምን እንደሚመስል ለማሳየት የአንዲት ዳኛን ታሪክ መጥቀስ እመርጣለሁ።

ወ/ሪት ብርቱካን ሚደቅሳ አዲስ አበባ ተወልደው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንተው፣ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በዳኝነት ሠርተዋል። ስማቸው የገነነው በሙስና ተጠርጥረው የታሰሩት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በዋስ እንዲለቀቁ ባዘዙ ጊዜ ነው። የትዕዛዙ ዕድሜ አጭር ነበር። ተጠርጣሪው ከፍርድ ቤቱ ብዙም ሳይርቁ እንደገና ተያዙ። ፓርላማውም በ1993 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 239 በሙስና ለተጠረጠረ ሰው ዋስትናን ከለከለ። ክልከላው የላላው በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 434 ነው።

ዋስትና «ጥፋት የለብህም» የሚል ፍርድ አይደለም፤ ተጠርጣሪው ከውጭ ሆኖ ይከራከር ማለት ብቻ ነው። በትዕዛዙ ቅር የተሰኘ ወገን የይግባኝ መንገድ አለው። የዳኛን ትዕዛዝ በር ላይ መሻር ግን በየትኛውም የሕግ መጽሐፍ የተጻፈ ሥርዓት አይደለም።

ወ/ሪት ብርቱካን በኋላ ወደ ፖለቲካ ገቡ። በ1997ቱ ምርጫ የቅንጅት ምክትል ሊቀመንበር ነበሩ። ከምርጫው በኋላ ታስረው ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ በሐምሌ 1999 ዓ.ም. በይቅርታ ወጡ። የአንድነት ፓርቲ ሊቀመንበር ሳሉ በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ይቅርታው ተነስቶ ወደ እስር ተመለሱ፤ የተፈቱት በመስከረም 2003 ዓ.ም. ነው። እሳቸው በእስር ላይ እያሉ አንድነትን ከተቀላቀሉት ሰዎች አንዱ አቶ ስዬ ነበሩ።

ከዚያም አሜሪካ ሄደው በሃርቫርድ ተማሩ። በ2011 ዓ.ም. ተመልሰው የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ፤ የ2013ቱን አገር አቀፍ ምርጫ መሩ፤ በሰኔ 2015 ዓ.ም. በጤና ምክንያት ሥልጣናቸውን ለመልቀቅ መወሰናቸውን አሳወቁ።

በቦርድ ሥራቸው የሚያመሰግናቸውም የሚወቅሳቸውም አለ። እኔ ግን ከሁሉ የማስቀድመው ያንን የዋስትና ትዕዛዝ ነው። ዛሬ ችሎት ላይ የሚቀመጥ ወጣት ዳኛ መዝገቡን ብቻ አይቶ ይወስን ዘንድ፣ ትዕዛዙ ከግቢው በር ውጭም እንደሚከበር ማወቅ አለበት። አንቀጽ 79 ትርጉም የሚኖረው ያኔ ነው።