ስለ ውጅግራ ጥይትና ስለ ቀለሃው ዳግመኛ መሞላት

ስለ አገራችን የጦር መሣሪያ ታሪክ የጻፉት ሊቃውንት አብዛኛውን ጊዜ የሚቈጥሩት ጠመንጃውን ነው። ስንት እንደ ገባ፥ በየትኛው ወደብ እንደ ገባ፥ ማን እንደ ሸጠውና ለማን እንደ ተሰጠ በጥንቃቄ መርምረዋል። ስለ ጥይቱ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው፤ ስለ ባዶው ቀለሃማ ከነጭራሹ የለም ለማለት ይቀርባል። ይሁን እንጂ ጥይት የሌለው ጠመንጃ ከዱላ የሚበልጠው በዋጋው ብቻ ነው። የአንድ ሠራዊት ኃይል በጠመንጃው ቍጥር ሲገመት፥ ለአንዱ ጠመንጃ ስንት ጥይት እንደ ደረሰውና የተተኰሰውስ ቀለሃ ወዴት እንደ ገባ ካልተጠየቀ ሒሳቡ ጐደሎ ሆኖ ይቀራል።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ፥ ካዛንቺስ በሚባለው ሰፈር ይኖሩ የነበሩ አንድ አዛውንት ያሳዩኝ የናስ ቀለሃ ነው። ከአያታቸው የቀረ የውጅግራ ቀለሃ ነው። አፉ አንድ ጊዜ ተለጥጦ ሌላ ጊዜ የተጠበበ መሆኑ በዓይን ይታያል፤ ከበስተኋላው ካፕሱሉ የሚገባበት ጕድጓድም ዙሪያውን በወስፌ ወይም በመሰለ ነገር ተጭሯል። «አባቴ፥ ይህ ስንት ጊዜ ተሞልቶ ይሆን?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ እሱን እግዜርና አያቴ ናቸው የሚያውቁት» አሉኝ።

የጠመንጃው ስም ራሱ ታሪክ ይናገራል። ፈረንሳዮች «ፉዚል ግራ» የሚሉትን የአገራችን ወታደር በአንድ ትንፋሽ «ውጅግራ» አለው፤ «ግራ» የተባለውም የግራ እጅ ሳይሆን መሣሪያውን ያወጣው የፈረንሳይ መኰንን ስም ነው። እንዲሁም እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲዘምቱ የያዙት ስናይደር «ስናድር» ተባለ፤ ከቤልጅግ አገር የመጣው ማውዘርም በአገሩ ስም «ቤልጅግ» ተብሎ ቀረ።

ውጅግራ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1874 ዓ.ም. የወጣ፥ የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊሜትር የሆነ፥ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጐርስ ጠመንጃ ነው። የእርሱን ቀለሃ ከሌሎቹ የለየው ነገር አሠራሩ ነው። የስናድር ቀለሃ ከስስ የናስ ቅጠል ተጠቅልሎ የተበጀ ስለ ነበረ አንድ ጊዜ ከተተኰሰ በኋላ ብዙ ተስፋ አይጣልበትም፤ የማርቲኒ ሄንሪም በመጀመሪያ እንዲሁ ነበረ። የውጅግራው ግን ከወጥ ናስ ተስቦ የወጣ፥ ግድግዳው የጠነከረ ስለ ሆነ፥ ያረጀውን ካፕሱል አውጥቶ አዲስ ላገባበት፥ ባሩድ ለሰፈረበትና 25 ግራም ያህል የሚመዝን የእርሳስ አረር ከአፉ ለገጠመበት ሰው ደጋግሞ ያገለግለዋል። ባሩድ መውቀጥና እርሳስ ማቅለጥ በአገራችን ከነፍጥ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ሙያ ነው። ዋናው ችግር ካፕሱሉ ነበረ፤ ቅመሙ በአንጥረኛ ቤት የሚበጅ ባለመሆኑ ከባሕር ማዶ መምጣት ነበረበት።

እዚህ ላይ የአሜሪካኑን ዊንቸስተር ማነጻጸር ይጠቅማል። ይህ ጠመንጃ ከቃታው በታች ያለውን ብረት በእጅ ወደ ታች ገፍቶ በመመለስ ባዶውን ቀለሃ የሚያወጣና ቀጣዩን የሚያጐርስ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የ1873 ዓ.ም. ሞዴሉ ስመ ጥር ከሆነበት ምክንያት አንዱ፥ ቀለሃው ዳግመኛ የሚሞላ መሆኑና ፋብሪካውም የመሙያ መሣሪያውን አብሮ መሸጡ ነው፤ ከከተማ ርቆ የሚኖረው አዳኝ ከእሳቱ አጠገብ ተቀምጦ ጥይቱን ይሞላ ነበር። ከጊዜ በኋላም አፈሙዙ የጠበበ፥ ባሩዱ ያነሰ ጥይት ወጣለት። ይህ ዓይነት ጠመንጃ በአገራችን የሠራዊት መሣሪያ አልሆነም። እንደ እኔ አስተያየት አለመሆኑ የሚያስቈጭ አይደለም፤ ጥይት በጣት ለሚቈጠርለት ወታደር በፍጥነት የሚበላ ጠመንጃ ሸክም ነውና።

የጥይቱ መንገድ ረጅም ነበረ። ዐፄ ዮሐንስ በ1868 ዓ.ም. በጕንደትና በጕራዕ ግብጾችን ድል ሲያደርጉ እጅግ ብዙ የሬሚንግተን ጠመንጃ ከነጥይቱ ማረኩ። በ1879 ዓ.ም. ደግሞ ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርተር ራምቦ ከታጁራ ተነሥቶ 2,000 ያህል ጠመንጃ ለንጉሥ ምኒልክ አመጣ፤ ግን አውሮፓ የጣለችው፥ በካፕሱል የሚተኰስ አሮጌ መሣሪያ ነበረ። አሮጌ መሣሪያ የያዝነው እኛ ብቻ እንዳንመስል ግን፥ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ የተሰለፈው የኢጣልያ ጦርም አዲሱ 6.5 ሚሊሜትር ጠመንጃ በአገሩ እያለ አሮጌውን ቬተርሊ ይዞ እንደ መጣ ማስታወስ ይገባል፤ የተከማቸው የቬተርሊ ጥይት እንዲያልቅ ተፈልጎ ነበረና። በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ጥይት ዛሬ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ካለው ከለገሃር ይራገፍ ጀመር፤ ከዚያ በፊት ግን ሣጥኑ ወደ ከተማው የሚደርሰው በግመልና በበቅሎ ነበረ።

እንግዲህ በአንዳንድ አገር፥ ይልቁንም በደቡብና በምዕራብ፥ የውጅግራ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጋር እንደ ዝርዝር ገንዘብ ሆኖ በገበያ መዘዋወሩ አያስገርምም። የምኒልክ ብር በፓሪስ መመታት ከጀመረ በኋላም ጥይቱ ከገበያ አልወጣም። ጸሐፊዎች ይህን እንደ እንግዳ ልማድ አድርገው ያልፉታል። እኔ ግን ምክንያቱን በቀለሃው ውስጥ አየዋለሁ፤ ጨው በዝናም ይሟሟል፥ ናሱ ግን አይሟሟም፤ ተተኵሶም ቢሆን ዋጋው ፈጽሞ አይጠፋም። ቀለሃውን ከመሬት ለቅሞ ወደ ከረጢቱ የሚመልስ ወታደር ገንዘቡን የሚያነሣ ሰው ነው።

ነገሩን የለወጠው ጭስ አልባው ባሩድ ነው። ፈረንሳዮች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1886 ዓ.ም. ባለ 8 ሚሊሜትሩን ለቤል ካወጡ በኋላ አፈሙዝ ሁሉ ጠበበ፤ የጥይቱም ፍጥነት ጨመረ። የዚህን ጥይት ቀለሃ በቤት በተወቀጠ ጥቍር ባሩድ የሞላ ሰው ይተኵስ ይሆናል እንጂ ጠመንጃው የተሠራበትን ኃይል አያገኝም፤ አፈሙዙም ቶሎ በጥቀርሻ ይደፈናል። ከሁሉ የከፋው ጭሱ ነው፤ ተኳሹ ያለበትን ቍጥቋጦ ለጠላት ያሳያል። ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ከየአቅጣጫው ሲገቡ ክረምት ነበረ፤ ከፊት ለፊታቸው የነበረውም መትረየስና አውሮፕላን ነው። በእንዲህ ያለ ቀን ዝናም ያገኘው ባሩድ ምን ያህል ሰው እንዳስከፈለ የጠመንጃ ቍጥር አይነግረንም።

ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ የመጣው በወረራው ዘመን ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው መሥሪያ ቤት፥ «ካዜ ኢንቺስ» ከሚለው አጠራር ነው። የአዛውንቱ አያት ጠመንጃቸውን ያጡት በዚያው ዘመን፥ መሣሪያ የተገኘበት ሰው ሞት ይፈረድበት በነበረበት ወራት ነው። ቀለሃውን ግን በጭድ ውስጥ ደብቀው አቈዩት።

በ2017 ዓ.ም. የሰፈሩ ብዙ ቤት ለልማት ሲፈርስ አዛውንቱም ዕቃቸውን ሸክፈው ወደ ሌላ ሰፈር ሄዱ። በሚሸክፉበት ቀን ቆራሌው የተሰበረውን ድስትና የዛገውን አልጋ ገዝቶ ሲያበቃ «አባባ፥ ያቺን ናስ ጨምሩልኝ» አላቸው። «እሷ ገና ታገለግላለች» ብለው ወደ ኪሳቸው መለሷት።