አንዱን ሁለት የምታይ አራስ

ደጀን ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ አባይ በረሃና ስለ ድልድዩ ነው። ዛሬ ግን፣ ውድ አንባቢያን፣ እስቲ ወደ አራስ ቤት እንግባ። አንዲት አራስ ራሷን አጥብቆ ሲያማት፣ አልፎም አንዱን ሰው ሁለት አድርጋ ስታይ፣ ብዙዎቻችን ቶሎ የምንለው «ምች መታት» ነው። ዳማከሴው ይጨመቃል፤ ቀኑም ይመሻል።

ለመሆኑ ይህ ሕመም ከየት የመጣ ነው? እ.ኤ.አ. በ1825 ሪብ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ራስ ምታትና መንፈራገጥ ሲያሠቃየው ኖሮ የሞተን የ45 ዓመት ሰው ታሪክ ጻፈ። አስከሬኑ ሲመረመር በአንጎሉ ደም መላሽ ሥር ውስጥ የረጋ ደም ተገኝቶ ነበር። በ1828 ደግሞ የኤድንብራው ሐኪም ጆን አበርክሮምቢ ያንኑ በአንዲት አራስ ላይ አየ። ነገሩ ግራ አያጋባም፤ በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ ደም ከወትሮው ይልቅ ለመርጋት ይቀርባል።

ታዲያ ዓይን ምን አገባው? ቦይ ሲደፈን ማሳው እንደሚጥለቀለቅ፣ ደም ከአንጎል መውረጃ ሲያጣ በራስ ቅል ውስጥ ግፊቱ ያይላል። ያን ጊዜ ዓይንን ወደ ጆሮ በኩል የሚያዞረው ስድስተኛው ነርቭ ይጎዳል፤ ዓይንም ወደ አፍንጫ ይሳባል። እንግሊዛዊው ጄምስ ኮሊየር በ1904 በአንጎል ዕጢ ሕሙማን ላይ እንዲህ ያሉትን «አሳሳች ምልክቶች» ብሏቸዋል፤ ነርቩ እዚህ ይደክማል፣ ችግሩ ግን ሌላ ቦታ ነውና። የረጋው ደም ከዓይን ኋላ ባለው ቦይ ከሆነ ደግሞ የዓይን ቆብም ሊወርድ ይችላል።

ሐኪሞች የደም ማቅጠኛ መስጠት ለረጅም ጊዜ ፈርተው ነበር፤ አንጎል ውስጥ ደም ቢፈስስ? በ1991 ጀርመኖች 20 ሕሙማንን ለሁለት ከፍለው ሞከሩ። ሄፓሪን ካገኙት 10 ሰዎች አንድም አልሞተም፤ ካላገኙት 10 ሰዎች 3 ሞቱ።

ሲቲ ስካንና ኤም አር አይ በየወረዳው አይገኙም። ጣትን ግራና ቀኝ እያንቀሳቀሱ «በዓይንሽ ተከተይ» ማለት ግን ገንዘብ አይጠይቅም። ራስ ምታት ሁሉ ይህ በሽታ ነው አንልም። ግን አራሷ ራስ ምታቱ አልለቅ ካላት፣ እይታዋ ከተደበላለቀ ወይም ካንፈራገጣት፣ ዳማከሴው ይቆይ፤ መጀመሪያ ወደ ሐኪም ቤት እናድርሳት።